የአፍ ቁጥር፣ የደብተር ቁጥር

«የእርስዎ ሰባ ስምንት ነው፤ መስመሩ ደግሞ ሰማንያ። ደም መስጠት አያስፈልግዎትም፤ በሰላም ይግቡ» ሲል ነርሱን ከመጋረጃው ማዶ ሰማሁት። የሚያሰናብተው የባለቤቴን ታላቅ እህት፣ እትዬን ነው። እሳቸውም «እኔ መች ጠፋኝና፤ ወገቤን አውቀዋለሁ» ብለው ወንበሩን ገፋ አደረጉና ወጡ። ከኮሪደሩ የሚሰማው ኮቴያቸው ራሱ የተደሰተ ሰው ኮቴ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰባ ስምንት ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት፣ በገዛ አፌ፣ ጮክ ብዬ። የእትዬ ወገብ ግን ሰማንያ ሦስት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ መቀስ ከማስያዟ በፊት አንድ ሕግ አስያዘችኝ፤ በአፍ የሚጠራ ቁጥር ሌላ፣ በደብተር የሚጻፍ ቁጥር ሌላ። ሞላ ያለች ደንበኛ ስትመጣ አራት አምስት ሴንቲ ቀንሰሽ ጥሪላት፤ መንማና ስትመጣ ሁለት ሦስት ጨምሪላት፤ ደብተሩ ላይ ግን ሜትሩ ያለውን ጻፊ፣ ጨርቅ ይሉኝታ አያውቅም። «እውነቱን የፈለገች ቤቷ መስታወት አላት» ትል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሕግ ሠርቻለሁ፤ ቅር ብሏት ከሱቄ የወጣች ሴት የለችም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የራሴ ነው ብላ የምትይዘው ቁጥር አላት፤ ያንን ቁጥር የሰጠኋት እኔ ነኝ። ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። የታመመን ሰው «ዛሬስ ፊትህ ወዝ አለው» እንደማለት ነበር የምቆጥረው።

ጤና ጣቢያው የፈለገኝ ቸግሮት ነው። ለምርመራው የተሰጠው ክፍል ድሮ የዕቃ ማከማቻ የነበረ፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ግድግዳው እስከ ደረት አረንጓዴ ከዚያ በላይ ነጭ የተቀባ ነው። ለመለካት የተመደበው ነርስ ደግሞ ወንድ ሆነ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቢሆንም የሰፈሩ ሴቶች ለእሱ ልብሳቸውን ሊገልጡ አልፈለጉም፣ በመጀመሪያው ቀን ከመጡት ሃያ ሴቶች አሥራ ሰባቱ እንደመጡ ተመለሱ። ምርመራውን የምትመራው ዶክተር ሱሪዋን የምታሳጥረው እኔ ጋ ነውና በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥታ ለመነችኝ። መጋረጃ ተሰቀለ፤ ጫፉን የቀመቀምኩት እኔ ነኝ። እኔ ከወዲህ እለካለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ነርሱ ከወዲያ ቅጹ ላይ ይጽፋል። የቀን አበሌ የአንድ ቀላል ቀሚስ ማሰፊያ ያህል ነው፤ አይናቅም። ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። በዘጠኙም ቀን አፌ የለመደውን ሠራ። እጄም የለመደውን ሠራ፤ ከሽርጤ ኪስ ደብተሬን እያወጣሁ ከእያንዳንዷ ስም ጎን እውነተኛውን ቁጥር እጽፍ ነበር፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ቀሚስ ልታሰፋ መምጣቷ አይቀርም፣ በነፃ የተገኘ ልክ ይጣላል እንዴ። እዚህ ቤት ግን ደብተሩ የእኔ አፍ መሆኑን ልብ አላልኩም።

የመስመሩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ወገን አለ፤ አያቶቻቸው ከኮረብታው የወረዱና አያቶቻቸው ከወንዙ ዳር የመጡ። ዛሬ አንድ ደረጃ ነው የምንወጣው፣ ከአንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው፤ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። ገላችን ግን አንድ አልሆነም። ዶክተሯ ሥራ ስታስጀምረኝ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም አለችኝ፤ እንደ እጢ ነው፣ ሆርሞን ያመነጫል፣ ከደም ጋር ይነጋገራል። ከቆዳ በታች፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ገራም ነው፤ ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም አውጥቶ ወደ ሰውነት እንዲያስገባ የሚያግዝ ሆርሞን ይለቃል። ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበት አጠገብ የሚያደፍጠው ግን ያንን ሆርሞን ያሳንሳል፣ ሰውነትን ከውስጥ ቀስ እያለ ያስቆጣል፣ ኢንሱሊኑ ቢጣራም የሚሰማው ያጣል። የኮረብታ ልጆች ገና ሳይወፍሩ ስባቸው ወደ ውስጥ ይገባል ብላ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ለወንዝ ሴቶች ሰማንያ ስምንት የሆነውን መስመር ለእነሱ ወደ ሰማንያ አወረደችው። ከመስመሩ በላይ የሆነች ጠዋት በባዶ ሆዷ መጥታ ደም ትሰጣለች፤ በታች የሆነች ትሸኛለች። እኔ ይህን ስሰማ አልገረመኝም። እሷ በደም የምትፈልገውን እኔ በጨርቅ አውቀዋለሁ። ለወንዝ ሴት ጨርቁ የሚያልቀው ዳሌ ላይ ነው፤ የኮረብታ ሴት ግን ትከሻዋ የኮረዳ፣ ክንዷ የኮረዳ ሆኖ ሳለ ከአርባ ዓመቷ በኋላ የፊት ለፊቱ ጨርቅ ብቻ አልበቃ ይላል።

እትዬ የኮረብታ ልጅ ናቸው፤ ያውም የሚኮሩበት። ባለቤቴን እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ከእኛ ጋር፣ ከስፌት ክፍሌ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ደግ ቃልም ቢሆን ብዙ አልተነጋገርንም። በመካከላችን ያለው ቀልድ ነው፤ እሱም የሳቸው። በስፌት መኪናውና በግድግዳው መካከል ሳልፍ «ግድግዳውን ትንሽ ገፋ እናድርግልሽ?» ይላሉ። እኔ የወንዝ ልጅ ነኝ፣ ስቆረጥም ሳይቆጠብ ነው የተቆረጥኩት፤ እስቃለሁ። እናታቸውና ሁለት አጎቶቻቸው የሞቱት በስኳር ነው፤ ሦስቱም እንደ ሸምበቆ ቀጭን ነበሩ። እትዬ ግን ስኳር የወፍራም በሽታ ነው ባይ ናቸው፤ እነሱን የገደላቸው ሐሳብ ነው ይላሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ራስጌያቸው የማስቀምጠው ጆግ ሙሉ ውኃ ጠዋት ባዶውን ይገኛል። አዲስ ጫማ የላጠው የእግር ጣታቸው ሁለት ወር ሙሉ አልሽር አለ። ምርመራው ሰፈራችን መምጣቱን ስሰማ ደስ ያለኝ ለሳቸው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት እንዲመጡ የለመንኩት፣ ባለቤቴንም ያስለመንኩት እኔ ነኝ። እሺ ብለው መጡ። ከመጋረጃው ገቡ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ሆዳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ እኔም ለዓመታት እንደማደርገው ሰባ ስምንት ብዬ ጠራሁላቸው።

ከሳቸው ቀጥላ የገባችው የዳቦ ቤቷ ባለቤት ናት፤ እሷም የኮረብታ ልጅ ናት። ሜትሩን ስጠቀልልባት አፌ ተሳሰረ። እንደምንም ብዬ «ሰማንያ ስድስት» አልኩ፣ እውነተኛውን። ዞር ብላ አየችኝ። «ባለፈው ቀሚስ ስትሰፊልኝ ሰማንያ አንድ አላልሽኝም?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ነርሱ ከማዶ «ስንት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ሰማንያ ስድስት» አልኩት ደግሜ፤ ሴትየዋ ልብሷን ሳታስተካክል ወጣች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እትዬ ብቻ አልነበሩም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰው በይሉኝታዬ ሲሸኝ ኖሯል። ደብተሬን ከፍቼ ገጾቹን አገላበጥኩ፤ ከመስመሩ በላይ ሆነው የተመለሱትን መቁጠር ጀመርኩና ፈርቼ ተውኩት።

ምሳ የምንበላው ጓሮ ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ዶክተሯ ዳቦዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሳትቆርሰውም ቆየች። ዕድሜዋ ለልጅነት ይበቃኛል፤ አንቺ በይኝ ብላኝ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ ግን እርስዎ ከማለት አልተላቀቀችም። ነገ የመጨረሻ ቀናችን ነው አለችኝ። ከስልሳ አራት የኮረብታ ሴቶች መስመሩን ያለፉት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። አለቆቿ መስመሩን ያለ ምክንያት ነው ያወረድሽው፤ ለአሥራ አንድ ሰው ብለን የደም መመርመሪያውን እዚያ አናስቀምጥም፤ ነገ ጠዋት ጨርሰሽ ወደ ሌላ ሰፈር አዙሪው ብለዋታል። «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሌላን ሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባል ይሆን? ነገ መሣሪያው ከሄደ የእትዬን ደም ማን ሊያየው ነው? አፍሬ ውኃ ሆንኩ። ቢሆንም ነገርኳት፤ አክስቴን፣ ሕጉን፣ አፌን፣ ሁሉንም።

ዳቦዋን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለች። ነርሱ ሻይ ይዞ ሲመጣ ፊቷን አይቶ ብርጭቆውን በዝግታ አስቀመጠ።

«ስንት ነው የሚቀንሱት?» አለች በመጨረሻ።

«እንደ ሴትየዋ ነው።»

«ሁልጊዜ እኩል ቢሆን እኮ መልሼ እደምረው ነበር። መለኪያ የለውም?»

«መለኪያው ይሉኝታ ነው» አልኳት።

«የይሉኝታ መለኪያ አልተሰጠኝም» አለች፤ ልትቆጣ ስትል ሳቅ ቀደማት፣ ሳቁም ወዲያው ጠፋ። ደብተሬን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቅጾቹን አስመጥታ እዚያው አግዳሚ ላይ ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ስታስተያይ ሻይዋ ቀዘቀዘ። ከኮረብታ ሴቶች ሃያ ሰባት፣ ከወንዝ ሴቶች አምስት፣ በድምሩ ሠላሳ ሁለት ሰው በስሕተት ተመልሷል። ነገ ጠዋት ሳይበሉ እዚህ ካገኘኋቸው መሣሪያው አይንቀሳቀስም፣ ለአለቆቼ እኔ እመልሳለሁ አለች። ነርሱ፣ ደግ ልጅ ነው፣ ለሴቶቹ ሜትሩ ተበላሽቶ ነበር ብለን እንደውል፣ እርስዎም ደንበኛ አይጠፋብዎትም አለ። ለአፍታ ልቤ ከጅሎ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሜትር አይበላሽም። ደግሞስ ሌላ ውሸት ጨምሬ ነገ በየትኛው አፌ ነው የምጠራው? እኔው እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በስልክና በእግር ጨረስኩት። አንዷ እስክታስል ሳቀች። አንዷ «ለዚህ ነዋ ከሌላ ሰፊ ዘንድ የማሰፋው ሁሉ የሚጠበኝ» አለች። ለልጇ ሰርግ ጨርቅ ያስቀመጠች ደንበኛዬ ጨርቄን ነገ አስወስዳለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ፤ ጨርቁ ተቆርጧል፣ እንዴት እንደምትወስደው እንጃ። አብዛኞቹ ግን እንመጣለን አሉ። ዳቦ ቤት በእግሬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሴትየዋ ሁልጊዜ የምትጨምርልኝን አንዲት ዳቦ ሳትጨምርልኝ መለሰችኝ፤ ሆኖም ነገ ጠዋት ሱቁን ዘግታ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እግሬ ዝሎ ነበር፤ ሆዴ ግን ከጠዋቱ ይልቅ ቀለል ብሎት ነበር። ስሟ ላይ ምልክት ያላደረግሁባት አንዲት ሴት ብቻ ቀረችኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እትዬ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጠርገው፣ መቀሶቹን ወደ ዳር ሰብስበው፣ መሐሉ ላይ ኬክ አስቀምጠዋል። ከዳቦው ይልቅ ክሬሙ የበዛ፣ ጽጌረዳ የተሠራበት፣ ለልደት ካልሆነ የማይገዛ ዓይነት ነው። ባለቤቴ ከአውቶቡስ ሥራው ገብቶ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ነርሱ ያላቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲተርኩለት ደረስኩ፤ ሰባ ስምንት፣ የኮረዳ ወገብ፣ በሰላም ይግቡ። እሱም የእናቱን ሞት ያየ ሰው ነው፤ ፊቱ እንደዚያ ሲፈታ ካየሁ ቆይቻለሁ። እትዬ ኬኩን ቆረሱና ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ዘረጉልኝ። «አንቺ ነሽ የወሰድሽኝ» አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይህን ያህል ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ወስጄ ብበላው፣ ነገ ቢደርስ ብል፣ ምን ነበረበት? ሳህኑን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ሰባ ስምንት አይደሉም። ሰማንያ ሦስት ነዎት። ሰባ ስምንት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ለዶክተሯ እንደነገርኩት ሁሉንም ነገርኳቸው።

ባለቤቴ ወለሉን አየ። እትዬ ቢላዋውን በናፕኪን ጠረጉ፣ አንድም ክሬም እስከማይቀርበት ጠረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ከሰማያዊው ቀሚስ ጀምሮ። አምስት ዓመት ይሆነዋል።»

«ሰማያዊው እንኳ ዛሬም እንደ ልኬ ነው።»

«ከጀርባው ላስቲክ አስገብቼበት ነው፣ እትዬ።»

ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ባለቤቴ «ቀስ አድርገሽ ብትነግሪያቸው ምን ነበር» አለኝ፤ ቀስ ማለቱን አምስት ዓመት ሞክሬዋለሁ። ክሬሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ መቅለጥ ጀመረ። ከጎን ክፍል የቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማ፣ መስቀያ ሲንሸራተት ተሰማ። ነገ አልሄድም ቢሉስ ብዬ ፈራሁ። የእትዬን ኩራት አውቀዋለሁ፤ ወገባቸውን ከሚያስነኩ ጣታቸውን ቢያጡ ይመርጣሉ። እሳቸውን ማጣት ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩት፤ ያቺን የግድግዳ ቀልድ የሚቀልድብኝ ሳይኖር በመኪናውና በግድግዳው መሐል ማለፍ። አልወደድኩትም። እንባዬ መጣ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ በውስጥ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ሸሚዝ ብቻ ጣል አድርገው፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ገልብጠው ክንዳቸው ላይ ይዘውታል፤ ላስቲኩን አግኝተውታል። ክፍሉ መሐል ቆሙና ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ለኪኝ» አሉ። «ሆዴን አልሰበስብም።»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ለካሁ። «ሰማንያ ሦስት ተኩል» አልኩ።

«ተኩሉን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ሆድዎን ስላልሰበሰቡት ነው።»

ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው። «እናቴም ክንዷ እንጨት አክሎ ሆዷ ብቻ ነበር» አሉ። «ሐሳብ ነው ያልነው እኛ ነን። እሷ እኮ ውኃ ጠማኝ ነበር የምትለው።» ባለቤቴ ከመስኮቱ ሳይዞር «አዎ፣ ውኃ ነበር የምትለው» አለ። እናታቸውን እንደዚህ ሲያነሷት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ሸሚዛቸውን ቆለፉና ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። በጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ አልኳቸው። ኬኩን ለጎረቤት እንዲያወርድ ባለቤቴን አዘዙት፤ አንዷን ቁራሽ ግን ለዶክተሯ አስቀሩላት። ደስ አለኝ። ውጤቱ ምንም ይሁን፣ በዚያ ምሽት ያ ቤት ደስ አለኝ።

ሜትሩን ልጠቀልል ስል እጄን ያዙት። «አንቺስ ተለክተሻል?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሠራተኛ ሆድ የለውም? አምጪው።» መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ልለምናቸው ብሞክርም አልሰሙኝም። ሁለት ቀጫጭን ክንዶቻቸው ዙሪያዬን ዞረው ጀርባዬ ላይ ተገናኙ፤ ለመገናኘትም ትንሽ ታገሉ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እትዬ አቅፈውኝ አያውቁም፤ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሽታቸው የሳሙና ነው። ቁጥሬን አውቀዋለሁ። መቶ አንድ ነኝ። እሳቸውም ሜትሩን አዩ፣ ቀና ብለው ፊቴን አዩ፣ እንደገና ሜትሩን አዩ።

«ዘጠና ስድስት» አሉ ጮክ ብለው።

ባለቤቴ የኬኩን ሳህን እንደያዘ በሩ ላይ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። «እትዬ፣ ዶክተሯ እኮ የምትፈልገው እውነቱን ነው» አልኳቸው።

«ለዶክተሯ ነገ አንቺው ትነግሪያታለሽ» አሉ ሜትሩን ቀስ ብለው እየጠቀለሉ። «ይሄ ከእኔ ነው።»